የሳላው አንገት

ባለፈው ኅዳር አንድ ሳላ ሞተ። እኔ አልገደልኩትም፤ ጠመንጃ ይዤም አላውቅም። የገደለው ከቪየና ድረስ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፈቃዱን አውጥቶ፣ በሕግ። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው። ጥፋቴ ደግሞ አንደበቴ ነው።

ሜቲ እባላለሁ። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ የአደን ጉዞ አዘጋጃለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ “ቱር” ብዬ አልፋለሁ። “አደን” ካልኩ ወይ ይስቁብኛል፣ ወይ የአንበሳ ጥፍር አምጪልን ይሉኛል። ሥራው ግን አብዛኛው ወረቀት ነው። የእንግዳው ጠመንጃ ኤርፖርት ላይ እንዳይያዝ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት፣ ስንት ሳላ፣ ስንት ከርከሮ፣ ስንት የሜዳ ፍየል እንደተፈቀደ ማረጋገጥ፣ መኪና መከራየት፣ ድንኳን መቁጠር፣ ቆዳው እንዳይበላሽ የሚነሰነስበትን ጨው በኩንታል መግዛት። አለቃዬ ኃይለሚካኤል ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ፊት ለፊት “ጋሼ፣ እርስዎ” እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን ከዚያ ኅዳር ወዲህ “አንተ” ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። እንግዳው የሚወስደው ቀንዱንና ቆዳውን ነው፤ ሥጋው ለአገሬው ሰው ይሰጣል። እኛ የምንሄድበት ቆላ ከአዋሽ ማዶ ነው፤ ሰዉ ከብት አርቢ ነው፣ ሙስሊም ነው። ስለዚህ እንስሳው ነፍሱ ሳይወጣ አንድ ሙስሊም “ቢስሚላህ” ብሎ አንገቱን ካላረደው በክት ነው። ውሻ ይበላው ይሆናል እንጂ ሰው እጁን አይሰድም። ይህን ለእኔ ማስተማር አያስፈልግም፤ እኛም ቤት ያው ነው። አባቴ ሰቦቃ ዛሬ ሲኤምሲ የሚባለው ሰፈር ማሳ በነበረበት ዘመን ያረሰ ሰው ነው። ለበዓል ጎረቤት ተሰብስቦ የቅርጫ በሬ ሲጣል፣ አራጁ ሲያማትብ በዓይኑ ካላየ መደቡን ይዞ አይገባም።

ጣጣው ያለው እንግዳው ዘንድ ነው። የሳላን ራስ ከነረጃጅም ቀንዱ እስከ ትከሻው አስሞልቶ ሳሎኑ ላይ የሚሰቅል ሰው አንገቱ ላይ ቢላ እንዲያርፍ አይፈልግም። ቢያንስ እኛ የምናምነው እንደዚያ ነበር። ኃይለሚካኤል ከድሮ ቢሮው ይዞት በመጣው የውል ቅጽ ላይ “አንገት አይቆረጥም” የሚል መስመር አለ፤ እኔም ስምና ቀን እየቀየርኩ ለእንግዶች እልከዋለሁ። ለአገር ሽማግሌዎች በምጽፈው ወረቀት ላይ ደግሞ “ማንኛውም እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ በሙስሊም እጅ ይታረዳል” እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት፣ በአንዲት ኮምፒውተር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ወጥቻለሁ። አንዱ እንግዳ ይስታል፣ ሌላው ቀንዱን ብቻ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አቁስሎት እኛ ሳንደርስበት ያመልጠዋል። ወረቀቶቹ ተፋጥጠው አያውቁም ነበር።

እንግዳውን ለምን አልጠየቃችሁትም? ትሉኝ ይሆናል። ይሉኝታ ነዋ! ይህን ያህል ከፍሎ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣን ሰው “አገሬው እንዲህ ካልሆነ አይበላም” ብሎ ማስቸገር ነውር መሰለን። ለፈረንጅ አፋችንን መክፈት ከበደን፤ የራሳችንን ሰው መዋሸት ግን ቀለለን።

የዚያን ቀን በሁለት መኪና ነበርን። በፊተኛው ኃይለሚካኤል፣ ዶክተሩና ሾፌራችን ከድር ነበሩ። ኋለኛዋን የምነዳው እኔ ነኝ፤ አጠገቤ ኦቦ ሮባ ተቀምጠዋል። ኦቦ ሮባ የመንደሩ አራጅ ናቸው። አርባ ዓመት ለሠርግ፣ ለኀዘን፣ ለዓረፋ የሳቸው ቢላ ነው ሰውን ያበላው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በእግር ከአዳኞቹ ጋር መሄድ አይችሉም። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ተኩስ ሲሰማ እኔ በፍጥነት አደርሳቸዋለሁ፤ ካልደረስን ከድር፣ ሙስሊም ስለሆነ፣ ቶሎ ብሎ ያርዳል።

ተኩሱን ሰማን። ኦቦ ሮባ ቢላቸውን ከሰገባው መዘው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ሞተሩን ሳስነሳ ሬድዮው ተንኮሻኮሸ፤ ኃይለሚካኤል ነበር።

“ሜቲ፣ ወድቋል፤ ግን ገና ይተነፍሳል። አንገቱ እንዳይነካ። ሳላው እስኪሞት ድረስ ሽማግሌውን እዚያው አቆዪልኝ።”

ኦቦ ሮባ አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ በሬድዮ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይገባቸውም። ወደ እኔ ዞር ብለው በኦሮምኛ “ምን አለ?” አሉኝ።

“ከድር ደርሶበታል” አልኳቸው። “በሕይወት እያለ አርዶታል። አንቸኩል።”

አልተንተባተብኩም። ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም። ሥራ ነው ብዬ፣ አለቃ አዘዘኝ ብዬ፣ ወሬ እንደምተረጉም ተረጎምኩት። እሳቸው “አልሐምዱሊላህ” ብለው ቢላቸውን ወደ ሰገባው መለሱ፤ እኔም መንገዱ ድንጋይ እንደበዛበት ሆኜ በቀስታ ነዳሁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጀውን ሃያ አደረግሁት። ስንደርስ ቆዳው ተገፍፏል፤ ራሱ እስከ አንገቱ ጨው ተነስንሶበት በሸራ ተጠቅልሏል። ከድር ጀርካን አዘንብሎ እጁን ይታጠብ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን። ኦቦ ሮባ እኔን አምነው ከድርን እንኳ አልጠየቁትም።

ሥጋውን ለዐሥራ አራት ቤት አከፋፈሉት። በዚያ ሰሞን ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ ፍየሎቹ ሁሉ አጥንታቸው ይቆጠር ነበር። ኦቦ ሮባ የመጀመሪያውን ብልት በገዛ እጃቸው ይዘው አራስ ወዳለችበት ቤት ሲገቡ አየሁ። የዚያን ዕለት ማታ እኔ ድንኳን ውስጥ ፓስታ በቲማቲም በላሁ። ከድር ምንም አልበላም፤ በወሩ ሥራውን ለቀቀ፣ ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም።

አዲስ አበባ ስገባ ነገሩ የሚረሳ መስሎኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ በእኔ ተገለበጠ። የተወጉት አያውቁም፣ የወጋሁት እኔ ግን አልረሳ አልኩ። ሞኝነቴን ደግሞ እዩልኝ። ዶክተሩ ከሳላው አጠገብ ተንበርክኮ የተነሳውን ፎቶ ሲልክልኝ፣ ቀንዱ አምሮ ስለታየኝ ብቻ የድርጅቱ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ስድስት መቶ ሰው ወደደው። አንገቱ ላይ ጭረት እንኳ እንደሌለ ልብ አላልኩም።

በፋሲካ ማግስት አባቴን ጠየቅሁት። የቅርጫውን ሥጋ እየከተፈ ነበር።

“አባዬ፣ ሰው ሳያውቅ በክት ቢበላ ኃጢአት ይሆንበታል?”

“የበላው ምን ያውቃል?” አለኝ ቢላውን ሳያቆም። “ያበላውን ጠይቂ።” ከዚያ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ “ምነው፣ የበላሽው ነገር አለ?” አለኝ። የለም ብዬ ከወጥ ቤት ወጣሁ። አውቆ ቢሆን ኖሮ እንዲያ በርኅራኄ አያየኝም ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ የቪየናው ዶክተር ጻፈ። ለመጪው ኅዳር ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ሳላ፣ ሁለት ከርከሮ፣ ካገኙም አጋዘን። ኃይለሚካኤል ደስታውን አልቻለውም። “ያንኑ የኅዳሩን ፕላን አውጪው። ሰዎቹም ያው፣ ሽማግሌውም ያው” አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩት። “አራጅ” በሚለው መስመር ላይ “ኦቦ ሮባ” ይላል። ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ግን ቀኑን ቀይሬ አተምኩት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል፣ ጣቴ ይታዘዛል።

በሳምንቱ ኦቦ ሮባ ደወሉ። የሽማግሌዎቹን የስምምነት ወረቀት አስፈርመው ራሳቸው ይዘው መጥተዋል፣ ጉርድ ሾላ ከሚኒባስ ወርደዋል። ሄጄ በመኪና አመጣኋቸው። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ብዙ አወራን፤ ስለ አባቴ ጤንነት ጠየቁኝ፣ ዝናቡ በበልጉ እንደዘነበ ነገሩኝ። የሚያሳስባቸው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር፤ ከአሁን አሁን ያነሱታል ብዬ ብጠብቅም ቢሮ እስክንገባ አላነሱትም።

ኃይለሚካኤል ተነስቶ ጨበጣቸው፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። ተቀመጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት፤ ከሥሩ የዘጠኝ ሽማግሌ የጣት አሻራ አለበት። እጃቸውን ግን አላነሱበትም። በሌላኛው እጃቸው ከኪሳቸው የልጃቸውን ስልክ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ዶክተሩ ከነፈገግታው ተንበርክኳል፣ ሳላው ከነአንገቱ ተጋድሟል። እኔ የለጠፍኩት ፎቶ ነው።

“ልጆቹ ይህን አይተው ጠየቁኝ” አሉ በኦሮምኛ። “‘አንገቱ ደህና ነው፣ ምን አበላኸን?’ አሉኝ። እኔም መስጊድ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‘ወላሂ በሕይወቱ ታርዷል፣ የራሳችን ቋንቋ የምትናገር ልጅ ነግራኛለች’ ብዬ ማልኩላቸው። አሁን አንቺ አስረጂኝና እኔ ደግሞ ላስረዳቸው። ፎቶው እንዴት እንዲህ ሆነ?”

ቁጣ የለባቸውም፤ ጥርጣሬም የለባቸውም። መልስ እንዳለኝ እርግጠኛ ሆነው ነበር የሚጠብቁኝ። እኔ ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ኃይለሚካኤል “ምን አሉ?” አለኝ። ኦሮምኛ አይሰማም። ቃል በቃል ነገርኩት፤ ፎቶውን፣ ልጆቹን፣ መሐላውን።

“ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል?” አለ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ። “ሌላ ሳላ ነው በያቸው። ከሌላ ቦታ የተነሳ ፎቶ ነው፣ በስህተት ነው የተለጠፈው በያቸው። ሻይ ይምጣላቸው?”

ጥሩ ውሸት ነበር፤ ቀላል፣ የሚያዋጣ። ብላቸው ኖሮ አምነውኝ፣ ልጆቹን አሳምነው፣ በሰላም ይኖሩ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው። ስድስት ወር የተሸከምኩት ነገር ከበደኝ፣ ልገላገለው ፈለግሁ።

“ኦቦ” አልኳቸው፣ “ሳላው የእኛው ነው። አልታረደም። ከድር አልነካውም። ሬድዮው ያለው ‘ገና ይተነፍሳል፣ እስኪሞት አቆዪልኝ’ ነበር። የዋሸሁዎት እኔ ነኝ።”

ኃይለሚካኤል የነገረኝን የምተረጉም መስሎት ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ “አዎ፣ አዎ” ይላል። ኦቦ ሮባ አንድ ጊዜ እሱን አዩት፣ አንድ ጊዜ እኔን። ዓይናቸው ሲቀላ አየሁ። ከዚያ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ወደ ኃይለሚካኤል ዞረው በዚያች ትንሽ አማርኛቸው “እሺ። ገባኝ” አሉት። እኔ እንጀራዬን እንዳላጣ ብለው ነው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ።

“ይኸው!” አለ ኃይለሚካኤል።

እሳቸው ለእኔ ቀስ ብለው በኦሮምኛ ተናገሩ። “ያላወቀ ሰው ኃጢአት የለበትም። የበሉት የለባቸውም። እኔም እስከ አሁን አልነበረብኝም።”

“ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ።”

“ይቅር ብዬሻለሁ” አሉ። “እኔን ግን ማን ይቅር ይበለኝ? አንቺ አውርደሽ ተገላገልሽ። እኔ ዝም ብል ውሸታም ነኝ፣ ብናገር ደግሞ ወላሂ ብዬ በክት ያበላሁ ነኝ።” ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ። በመኪና ላድርስዎ ብላቸው እምቢ አሉ። በመስኮት ሳያቸው አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መንገዱን ሲሻገሩ ነበር።

ኃይለሚካኤል ወረቀቱን ለምን እንደወሰዱት ሲጠይቀኝ “የቀበሌ ማህተም ይቀረዋል” አልኩት። ውሸት እንደ ሱስ ነው፤ አንዱን ባቆምሽ በደቂቃው ሌላውን ትጀምሪያለሽ።

ከዓረፋ በኋላ ልጃቸው ደውሎ የሆነውን ነገረኝ። አባቱ በዚያው ሳምንት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነስተው እውነቱን ለሁሉም ተናግረዋል። ማንም አልሰደባቸውም። ምስኪኑ ተታለሉ ያለም ነበር። ግን ለዓረፋ በግ ይዞ ደጃቸው የመጣ ሰው አልነበረም። “መሐላውን ነው ያልረሱለት” አለኝ። “ጠዋት ቢላውን ስሎ፣ ልብሱን ለብሶ እስከ እኩለ ቀን ተቀመጠ። ከዚያ ቢላውን ለወንድሙ ልጅ ለጂሎ ሰጠው።” አርባ ዓመት ያረዱበት ቢላ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ኃይለሚካኤል ክፍል ገባሁ። በሩን ሳላንኳኳ። ያን ቀን ምን እንደተረጎምኩ ነገርኩት፤ ምን እንዳደረግን፣ ሰውዬው ምን እንደደረሰባቸው፣ ካሁን በኋላ ያን ቅጽ እንደማልልክ ነገርኩት። ሲጮህ በእንግዳ ማረፊያው ያሉት ሳይሰሙት አልቀረም። “ደንበኛ ታስመልጪያለሽ! ይህ ሰው ሦስት ሳላ ነው የያዘው!” አለኝ። “ካመለጠ ያምልጥ፣ አንተም ካሻህ አባርረኝ” አልኩት። “አንተ” ያልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። አላባረረኝም፤ እንግዶቹ የሚያውቁት እኔን ነው።

የዚያኑ ዕለት ለዶክተሩ ጻፍኩ። ሥጋው ለማን እንደሚሰጥ፣ ሰዎቹ እንዲበሉት አንገቱ በሕይወት ሳለ መታረድ እንዳለበት፣ ባለፈው ኅዳር ይህን ሸሽገን እንዳሳፈርናቸው፣ ሁሉንም። አራት ጊዜ አንብቤ ላክሁት። መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ፤ ሦስት መስመር ነው፦ “በእርግጥ ይታረድ፣ ቆዳውን የሚሠሩልኝ ሰዎች ቁርጡን ሰፍተው እንዳይታይ ያደርጉታል፣ ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ባለፈውም ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህንኑ እል ነበር። ያንን በማድረጋችሁ አዝኛለሁ።”

ለኃይለሚካኤል አነበብኩለት። መነጽሩን ጠረገ፤ ከዚያ “ታዲያ ጥሩ አይደል? በቃ ደውይና ንገሪያቸው” አለኝ።

ደወልኩ። ኦቦ ሮባ ራሳቸው አነሱት። እንግዳው እሺ እንዳለ፣ ያን ጊዜም ጠይቀነው ቢሆን እሺ ይል እንደነበር በኦሮምኛ ነገርኳቸው።

“ደግ ሰው ነው” አሉ። “አራጁ አሁን ጂሎ ነው። አጠገቤ አለ፣ ለእሱ ንገሪው።”

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁ። ሰላምታዬን በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ ስሜን ነገርኩት፣ ፕላኑን፣ ቀኑን፣ እያንዳንዱ ሳላ በእሱ ቢላ እንደሚታረድ፣ እኔም ሁሉን እንደማስረዳው ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

“ያልሽውን ሁሉ በጽሑፍ አድርገሽ፣ እንግዳው ፈርሞበት ላኪልን” አለኝ በአማርኛ። “አስተርጓሚ ደግሞ አንፈልግም፤ የራሳችንን እናመጣለን።”

“እሺ” አልኩት፣ እኔም በአማርኛ።